የታወቀ ሰው

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
የመኪናዬ ጎማ እንደ ጡብ ማዕዘን ያወጣበት ምሽት።
ባልዲዬን እየገፋሁ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ፣
የክፍል ሁለት መቶ አሥራ አራት መስኮት፣ እንደ ልማዱ፣
ወለል ብሎ ተከፍቷል።
ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፣
ብርዱ በሥሩ ሾልኮ ይገባል፣
ያ ሽማግሌ ብረት፣ የእንፋሎት ማሞቂያው፣
እንደ ተቆጣች ድመት «ፍስስ» ይላል።

አሥራ አንድ ክረምት
(የበረዶውን ክረምት ማለቴ ነው)
ዘጋሁት።
መቀርቀሪያውን በተጫንኩ ቁጥር ቃሌ አንድ ነው፦
«ጥጋበኞች!
በሰው እንጨት እሳት ማንደድ ማንን ይከብዳል?»

ያን ምሽት ግን መስተዋቱ ላይ ቢጫ ወረቀት፦
«እባክዎ አይዝጉት። እየለካን ነው።»
ከሥሩ፣ ሰዓት የምትመዘግብ ትንሽ ቴርሞሜትር፣
ከእሷ ጎን፣ ጥጉ የተቀደደ ደብተር።
የሰው ደብተር አይገለጥም፤ አውቃለሁ።
ገለጥሁት።

«ሰኞ ጠዋት። ክፍሉ ሃያ ዘጠኝ። ኦሌክሲን ነሰረው።»
«ማክሰኞ። ሠላሳ አንድ። ሚስ ፔትሪሺን መስኮቱን ከፈቱ፤
ሁላችንም አጨበጨብን።»
«ረቡዕ። ማሞቂያው ቫልቭ አለው። አይዞርም።»
«በየማታው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣
ያልታወቀ ሰው መስኮቱን ይዘጋል።
ምክንያቱ አልታወቀም።»

ያልታወቀ ሰው።
ማስቲካቸውን ከወንበር ሥር የምፈቀፍቅ፣
ነጠላ ጓንታቸውን በሣጥን የማስቀምጥ፣
ያልታወቀ ሰው!
ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ ሄደ።
እኔስ ስማቸውን መቼ ጠየቅሁ?
ቀን እነሱ ይከፍታሉ፣
ማታ እኔ እዘጋለሁ፣
ጋዙ ይነዳል፣
ሰማይ ይሞቃል።

እስክሪብቶ አወጣሁና ከ«ያልታወቀ» ጎን፦
«ምንይችል ይባላል። ቧንቧ እንዳይፈነዳ ነው የሚዘጋው።»

አርብ ማታ መልስ ጠበቀኝ፣ በሁለት የእጅ ጽሑፍ፦
«አቶ ምንይችል፣ ቧንቧውን አላሰብንም። ይቅርታ።
ማሪቼል እና ዳኮታ፣ ዘጠነኛ ክፍል።
ቫልቩን ማዞር ይችላሉ?»

ባትሪዬን አብርቼ ተንበረከክሁ።
ቀለም። በቀለም ላይ ቀለም።
አረንጓዴው፣ ክሬሙ፣ ግራጫው፣
የአምስት ርዕሰ መምህራን ዘመን አንዱ ባንዱ ተደርቦ
መዞሪያውን ከነአንገቱ ውጦታል።
የሰበረው የለም። ያጠፋ የለም።
እንዲያምር ብለው ነው፤
ቀቢ ሁሉ ሳያውቀው ቀባሪ ሆኗል።

ሰኞ ከሥራ ሰዓቴ ቀድሜ ገባሁ፣ ትልቁን መፍቻ ይዤ።
ማሪቼል ከአባቷ ጋራዥ ዘይት አምጥታለች፣
ዳኮታ ከካፌ የተዋሰችው ማንኪያ አላት፤
ቀለሙን በማንኪያ ፋቀችው፣ ጥፍሯ እስኪያረነጉድ።
ሦስታችንም ያዝነው። ጮኸ፤
እንደ እኔ ጉልበት ጮኸ።
ሩብ ዙር።
ከዚያ ግማሽ።
ፉጨቱ ቆመ።

እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ ክፍል ሰምቼ አላውቅም።
ብዙ አልቆየም።
«የቀሩት አርባ ስድስት ክፍሎችስ?» አለች ዳኮታ።
ርዕሰ መምህሩ በጀት ይላሉ፣
ቦርዱ ጥናት ይላል፣
እኔ ደግሞ ወገቤን ይዤ ዝም አልሁ።
ማሪቼል ግን ማንኪያውን በሱሪዋ ጠርጋ
ኪሷ ከተተችው። አልመለሰችውም።

ማክሰኞ ማታ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
መስኮቱ ተዘግቷል። ክፍሉ ሃያ አንድ።
እጄ ግን፣ አሥራ አንድ ክረምት የለመደ እጄ፣
ሳላዘው ወደ መቀርቀሪያው ሄደ፤
የተዘጋውን ነካ አድርጎ
አፍሮ ተመለሰ።

ደብተሩ ላይ በራሴ ፊደል ጻፍሁ፤
ማንበብ ከፈለጉ መጥተው ይጠይቁኝ፦
«ሦስት ሰዓት ተኩል። የታወቀ ሰው አለፈ።
የሚዘጋው አላገኘም።»