ግራ ጥርስ

ሻርጃ፣ ሰናኢያ ቁጥር አሥራ ሦስት፣
ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቆርቆሮው እንደ እሳት።
ኪሴ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች
አውራ ጣት የምታህል አንዲት አንጓ አለች፤
ኳስ ራሷ ላልቶ፣ ቤቷ ሰፍቶባት፣
መሪው ተጠምዝዞ ጎማው የሚዘገይባት።
የኸልፋን መኪና የምትወዳደረው ሐሙስ ማታ።
ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ስሟን የተማርኩት ሶማሌ ተራ ነው፣
ከጋሽ ዘርጋው አፍ፣ ከነኩርኩሙ ነው፦
ቴስቲና።
እዚያ ይህን ቃል አንዴ ብትጠራ
ሦስት ልጅ ይመጣል ሳይጠብቅ ተራ።
እዚህ ግን ቃሉም ራሱ
ልኩ የማይገኝ ዕቃ ሆነ።
ኩንጁሞን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«እንደገና በለው» አለኝ፤ አልኩት።
«እንደገና።» አልኩት።
በአገሩ ፊደል ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈው፤
ዕቃው ግን የለውም።

በሚሊ ስለካት ትንሽ ትተርፋለች፣
በኢንች ስለካት ትንሽ ታጥራለች፤
የሠራት ፋብሪካ ተዘግቶ ከርሟል፣
ማሽኑ ተሸጦ ቤቱ ዳቦ ቤት ሆኗል፣ ይላሉ።
ይህም ሳያንሳት
ጥርሷ ወደ ግራ ነው የተቆረጠላት።
ባለሱቁ ሁሉ ቀኝ ቀኙን ሰጠኝ፤
እኔን ግራ ገባኝ፣
እሷ፣ ግራ ካልሆነ አልገባም አለችኝ።

ጉል አጋ፣ ለሁለት የተቆረጠ የጃፓን መኪና ላይ ተቀምጦ
ለውዝ እየፈለፈለ፣
«ይቺ ትቀርባለች፤ በመዶሻ በላት፣ ትገባለች» አለ።
ጋሽ ዘርጋው ትዝ አሉኝ፦ በግድ የገባ በግድ ይወጣል።
የሚወጣውም እኮ
በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ኸልፋን ደወለ። «ይገኛል፣ ኢንሻላህ።»
«ኢንሻላህ» አልኩት።
አንድ ቃል ነው፤ ልኩ ግን ለየቅል፦
የእሱ ትእዛዝ ነው፣ የእኔ መለማመጥ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ አጅማን፣ የባሕሩ ምላስ ዳር፣
ሞተሯ የተነቀለ የዓሣ ጀልባ አሸዋ ላይ ተጋድማለች፤
ሽታዋ ግን ገና ከባሕር አልወጣም።
ከኋላ፣ መሪውን ከመቅዘፊያው የሚያያይዘው ክንድ ጫፍ ላይ
በጨው የተለበጠች አንዲት ቴስቲና።
እንደ ልማዴ ልፈታት ብል
ጠበቀች።
ደስ አለኝ።
ዘበኛው ሺራጁል አሥራ አምስት ድርሃም አለ፤
ቆጥሬ ስሰጠው ቀና ብሎ ፀሐዩን አየና
ባርኔጣዬንም ጨመረበት።

ግማሽ ሚሊ ትወፍራለች።
ኡስታድ ረፋቀት ቶርኖው ላይ አሰራት፣
ፋቅ አድርጎ ለካት፣ ለክቶ ፋቅ አደረጋት፤
የብረት ጸጉር እግራችን ሥር ተጠቀለለ፣
ሌሊቱም አብሮ እየተላጠ ቀጠነ።
የሱብሂ አዛን ሲሰማ ገባች።
ዝም ብላ ገባች፣
ቤቷ እንደገባች ሴት፣ መብራት ሳታበራ።

ሐሙስ ማታ ሰዉ መኪናዋን ያያል፣
እኔ የፊት ግራውን ጎማ ብቻ፤
በየመታጠፊያው ጥርሴን ነክሼ
አሥራ ስምንት ዙር።
ዘጠነኛ ወጣች። ኸልፋን ሾፌሩን አቀፈ፣
ስለ ጎማ ተማረረ፣ ስለ ነዳጅ፤
ስለ እሷ ማንም አላነሣ።
ያልተሰበረን ማን ይጠይቃል?

ቅዳሜ በኩንጁሞን ሱቅ ፊት ሳልፍ
ከካርቶን ክምር በላይ እጁን እያውለበለበ
«ቴስቲና! ቴስቲና!» ብሎ ጮኸ።
ዕቃ ያገኘ መስሎኝ ነበር፤
ለካ ሻይ ሊያጠጣኝ ነው።
ስሜ መስሎታል።

አላረምኩትም።
ዞር አልኩ፣ በግራ በኩል።