እርጥብ ደንገል

መጀመሪያ ጊዜ፣ ወንበር ደርድሬ፣
በነጭ ወረቀት አጀንዳ ቋጥሬ፣
«ስለ እምቦጩ ጉዳይ ሐሳብ ስጡን» አልኩኝ፤
ሳይመልሱልኝም እኔው መለስኩኝ።
የሽምብጥ አሥጋሪ እጁን አጣጥፎ
ሰዓቱን ጠበቀ ግድግዳ ተደግፎ።
«በአንድ ድምፅ ተስማሙ» ብዬ ጽፌ ዘጋሁ፤
ሲወጡ አንድም ሰው ዞር እንዳላለ ግን ዘግይቼ አየሁ።

ታንኳ ሠሪው እንድሪስ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ፣
የደንገል ስንጣሪ ከጉልበቱ አንሥቶ፣
«ልጄ» አለኝ፣ «ደንገል በታጨደ ለት አይታሰርም፤
ፀሐይ ያልጠጣ ታንኳ ጣና ላይ አይከርምም።
አንተ እርጥቡን አሰርከው።»
ሌላ አልጨመረም።

ለሁለተኛው ጊዜ
ከሰኞ እስከ ረቡዕ ስጠይቅ ዞርኩኝ፦
ሴቶቹ ከገበያ ስንት ሰዓት ይገባሉ?
ማን ከማን ጎን ቢቀመጥ አፉ ይያዛል?
ሐሙስ፣ አዳራሹን ትቼ፣ ዋርካው ሥር፣ ከውኃው ዳር፣
አንዲት ጥያቄ ብቻ፦
«መረቡ ባዶውን የወጣ ለት፣ ማታ ቤታችሁ ምን ይባላል?»

ከዚያ ዝም።
ምላሴን ነከስኩ። በጣቴ ቆጠርኩ።
ከሩቅ ጉማሬ ተነፈሰ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።
ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤
እኔ ግን ነቅዤ ልወድቅ ነበር።

ስልሳን ሳልፍ
ዓሣ ሻጯ አንጓች ቢላዋዋን በቀሚሷ ጠርጋ ተናገረች፤
ስለ እምቦጭ አይደለም።
መረቡን ሽጦ መተማ ስለወረደው ልጇ።
ብዕሬን አስቀመጥኩ።
ከእሷ ቀጥሎ ሌላው፣ ከሌላው ሌላው፣ እስኪመሽ።

በማግስቱ አለቃዬ ባዶውን ገጽ ገልብጦ
«ውሳኔው የታለ?» አለኝ።
«ፀሐይ ላይ ነው» አልኩት።