አራት ዓምድ

ደብረ ማርቆስ፣ ክረምት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ተረኛው እኔ ነኝ።
ቅጹ ከፊቴ ነው፤ አራት ዓምድ አለው፦
በቃል፣ በዕቃ ላይ፣ በራስ ላይ፣ በሰው።

በር ያጋጨ አንድ ነው፤ መስኮት ያደቀቀ
ሦስት ይያዝለታል፤ ገላውን የፋቀ
ደሙ እስካልፈሰሰ ከሁለት አያልፍም፤
ያላዩትን መገመት፣ ወሬ መጻፍ የለም።
ሥልጠናው ላይ ያሉን ይኸው ነው ባጭሩ፦
«ዓይን ያየውን ብቻ፣ እሱኑ ቁጠሩ።»

እኔ ልኬት ያወቅሁ ከዚያ በፊት ነበር፤
አባቴ ቡሬ ላይ ጤፍ ሲሸጥ፣ ሲሰፍር፣
ቁናው ያው አንድ ቁና፤ ለወደደው ሲሆን
ነቅንቆ ይሞላል፣ ሌላው ይውሰድ ልኩን።

አልጋ ቁጥር ሰባት፣ አንማው ከቢቸና፣
ራቱን ያልነካበት ሳህን አነሣና
ግድግዳው ላይ ጣለው። ሽሮው ሲንጠባጠብ
በአረንጓዴው ቀለም፣ እኔ ሁለት ነጥብ
ጻፍኩበት፣ «በዕቃ ላይ»።

ቆሞ ያየኝ ኖሯል።
«ስንት ሰጠኸኝሳ?»
«ሁለት።»
«ይበቃኛል»
አለና ተቀምጦ ካልጋው ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣
ገበያ እንደዋለ ሰው ድምፁን አለዝቦ፦

«ወንድሜ ይመር ነው ገመድ ይዞ የመጣ፣
ካባታችን ማሳ እኩል ድርሻ ሊያወጣ።
በሱ በኩል ወጥሮ፣ በኔ አርግቦ ለካ፤
መሬት የሚሰረቅ ፀሐይ ላይ ነው ለካ!
ጮኽሁ። ያን የሰማ መንደር አበደ አለኝ፤
ይመር በዚያው ገመድ ከግራሩ አሰረኝ።
ሦስት ወር። ያን ጊዜ አልረገበም ገመድ።
የሱ ስንት ነውሳ? በየትኛው ዓምድ?»

አንጓውን ዘረጋው፤ ጠባሳ እንደ አምባር።
ዓይኔ ያየው ይኸ ነው፤ ግን የዛሬ አልነበር፤
ቅጹ የዛሬን ነው።

ከግርጌ አንዲት ሳጥን፣ ጥፍር የምታህል፣
«አስተያየት» የሚል የሠፈረባት ቃል፤
«ገመድ» ብዬ ጻፍኩኝ፤ ሌላ አልይዝ አለች።

ሲነጋ ሲስተር ጥሩዓለም ድምሩን አየች፣
«ሁለት። ደኅና አድሯል» ብላ ፈረመች።

መሳቢያው እጄ ላይ ሳላስበው ጓ አለ፤
መርፌ የያዘው ሳህን ከላዩ ዘለለ።
ካልጋ ቁጥር ሰባት፣ ከብርድ ልብስ ሥር፦
«አንድ» አለኝ አንማው፣ ሳይቆጣ፣ ሲቆጥር።