ሦስት ጣት ባዶ

አንተ ጥጃ፣ ስማኝ፣ ቆዳህን የፋቅሁት፣
ኖራ ውስጥ ዘፍዝፌ ችንካር ላይ የወጠርሁት፤
ግንባርህ ነጭ ነበር፣ ጀርባህ ቡራቡሬ፣
ነቁጡ አልለቀቀም፣ እስካሁን፣ እስከ ዛሬ።

ስሜ ዶንጋል ይባላል። ዳዊት ልደግምብህ፣
መቶ አምሳውን መዝሙር አሳምሬ ልጽፍብህ
ታዝዤ ነበረ። አባ ጊላ ክሪስት
የባሉጥ ቀለሙን ሰፍሮ እንደ መድኃኒት፣
“አንዲት ጠብታ እንኳን” ብሎኛል “እንዳትባክን”፤
እኔም “እሺ” ብዬ ቀረጽሁ ላባዬን።

ከዚያ ዝናብ መጣ። የሻነን ወንዝ ሞላ።
ታንኳ ነጂው ቶማልታኽ ከእሳታችን ኋላ
ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ መሻገር አቅቶት፣
ዐይኑ ሞራ ለብሶ፣ ሳል ደረቱን ይዞት።
የምናነደው የረግረግ አፈር ነው፤ ይጤሳል፤
እሱም ጭሱን ይውጣል፣ ያወራል፣ ይስላል።

ስለ አንድ መሻገሪያ፣ ስለ አንድ ጠዋት ነው፤
ስለ ዘጠኝ ሰዎች። የሞቱት ምን ሽተው?
ለላም። ለአንዲት ላም ነው፣ ቀይ ጆሮ ላላት፣
ሰባት ቤት አጥግባ ለሚተርፋት ወተት።

እኔ የማውቃቸው አብርሃምን፣ ይስሐቅን፣
የነገሥት መጽሐፍ የቆጠራቸውን፤
እነዚህን ግን ማን ቆጠረ? ማን ጻፈ?
እያንዳንዱ ሳሉ ስንቱን ሰው ገደፈ!
አረማውያን ናቸው፤ ጠበል ያልነካቸው፤
ገነት አይገቡም። ግን ስም አላቸው፣
እናት ያወጣችው፣ ጎረቤት የጠራው፣
በጨለማ ሲጣሩት ውሻ የሚለየው።

ስለዚህ፣ ጥጃዬ፣ መዝሙሩን ተውሁና
ኅዳጉን ከፈትሁት እንደ ጓሮ ጎዳና፤
በደቃቅ ፊደላት፣ ትንፋሼን ደብቄ፣
አንድ በአንድ ጻፍኋቸው ከሳሉ ነጥቄ።

ዱናድ፣ ጋሻው ከብዶት ሲሮጥ የሚተወው፤
ላይግኔ፣ የዱናድ አማች፣ ዕዳ የነበረው፤
ብሮጋን ተብታባው፤ ሲፎክር ግን ቃሉ
ማዕበል ነው ይላሉ፣ ሰምተናል የሚሉ፤
አርድጋል፤ ሁለት ኤርኮች፣ አባትና ልጁ፤
ሩዓናን፣ የናቱን ጦር የጨበጠ በእጁ፤
ስምንተኛዋ ሴት ናት፤ ሊገኽ ነው ስሟ፤
ከላሟ ሥር ወደቀች፤ ወተት ነካ ደሟ።

ዘጠነኛው…
ዘጠነኛው ላይ ሳል መጣ።
ሳሉ ረዘመ። ከደረቱ ወጣ
አንድ ነገር፤ ስም ይሁን ደም፣ አልለየሁም።
ጠየቅሁት። ዐይኑን ከደነ። አልደገመም።
በነጋታው ወንዙ ጎደለ፤ ታንኳውን
ሌላ ሰው ቀዘፈው። ቀበርን እሱን።

ሰው ስለ አያትህ ብሎ ወንዝ ላይ ታረደ፤
ስለ ሰው ስም ደግሞ ባንተ ቢላ ወረደ።
ዕዳው ተከፈለ እንበል? እኔ እንጃ።
ሒሳቡን አላውቅም። አንተም አታውቅ፣ ጥጃ።
ብቻ ጀርባህ ላይ፣ ዝንብ በነከሰው ቦታ፣
የምስር ፍሬ አክላ ቀዳዳ ተከፍታ
አየሁ። የሊገኽን ስም በዙሪያዋ አዞርሁት፤
ከዚያ ሦስት ጣት ያህል ብራናውን ተውሁት።

ጊላ ክሪስት አይቶ “ይህ ባዶ ምንድን ነው?”
ቢለኝ፣ “ቆዳው ክፉ ነው፤ ቀለም አይዘው”
ብዬ ዋሸሁ። ስምህን በሐሰት አጠፋሁ፤
ካንተ የለሰለሰ ቆዳ መች አገኘሁ!

አይጥ ካልቆረጠመህ፣ እሳት ካልላሰህ፣
የሰሜን ዘራፊ ሐይቅ ካልወረወረህ፣
ከኔ ትቆያለህ፤ ከአባም፣ ከደብሩም፣
ዘጠኝ ሰው ይዘህ…
ስምንት፤ ዳግም አልዋሽም።

አንተ ደግሞ፣ ኋላ መጥተህ የምትገልጠው፣
ሦስት ጣቱን ባዶ በሌላ አትሙላው፤
የራስህንም ስም አትጻፍ፤ ባለቤት አለው።
ምናልባት ከምዕራብ፣ ከረግረጉ ማዶ
ስሙን ያልረሳ ሰው ይመጣል ተሰዶ።

እስከዚያው ወደ ዳዊት። ዝናቡ አባርቷል።
ጣቴ ደንዝዟል። ቀለሙ ቀጥኗል።
ከበረት እናትህ ትጮኻለች፤ ጡቷ ሞልቷል።