ትንሿ ክብ

ሐኮዳቴ ላይ በረዶው ሲበረታ
ባቡር እነዳለሁ ከጧት እስከ ማታ፤
ሃያ ሦስት ዓመት በዚያው በአንድ ሐዲድ
ከወደቡ እስከ ፍል ውኃው ስመጣ ስሄድ።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ተማሪው ይሞላል፤
ስድስት ልጃገረድ፣ ትከሻው ይነካካል፤
ቃል የለም፣ ድምፅ የለም፤ አውራ ጣት ይሮጣል።
ከዚያ ሳይታሰብ ስድስቱም ይስቃሉ፤
ጎን ለጎን ተቀምጠው በሰማይ ዞረው ያወራሉ።

አንደኛዋ ኮቶኔ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ።
እዚያ ውስጥ ሾፌር ነኝ፤ አይደለሁም አባቷ።
ካርዷን አስነክታ ዝም ብላ ስትወርድ
በሩን ዘግቼ፣ ደወል መትቼ፣ እኔም መንገድ።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ አሥር ደቂቃ አለኝ፤
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ እጽፋለሁ፣ እየበረደኝ፤
«ሾርባ ምድጃው ላይ አለ» እላለሁ። ከጎኑ ክብ፤
የኛ ጽሕፈት መዝጊያ፣ ከምስር ያነሰች ነጥብ።
የብሩሽ ጽሕፈት መምህራችን ይሉን ነበር፦
«ያልተዘጋ ዓረፍተ ነገር፣ በበረዶ ቀን የተከፈተ በር።»

አንድ ማታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ደጃፉ ላይ
ቆማ «ተቆጣህ?» አለችኝ። «በምኑ? በሾርባው ላይ?»
«ክቧን ለምን ትጨምራለህ? በኛ ዘንድ እሷ ማለት
በቃ፣ አታናግሪኝ፤ በር ፊት ላይ ወርውሮ መዝጋት።»

ሳቅሁባት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ
የላክኋቸውን ሁሉ ወደ ኋላ አነበብኩ፤ ደነገጥኩኝ፦
«ዣንጥላ ያዢ» — በር።
«እናትሽ ዛሬ አዳሪ ናት» — በር።
«እንኳን ተወለድሽ» — እሱም በር።
ስንቱን ጠርቅሜያለሁ፣ ያውም በፍቅር።

ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሆንኩ፤ እሷ ታስተምራለች፦
«አንዴ ሃ ለይሉኝታ ነው፤ ሦስቴ ሃ ከምር ነው።
እያለቀሰ የሚስቀውን ቢጫ ፊት የሚልከው
ሽማግሌ ብቻ ነው።
ቶሎ መመለስ ያስንቃል፤ መቆየት ያስከፋል።»
«በመካከሉ ስንት ደቂቃ ነው?» ብላት፣ «እሱ ይታወቃል።»
«ታየ» የምትለዋ ቃል ወጥታ፣ መልስ ግን የቀረ ዕለት፣
ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል፣ በተለይ ሌሊት።

ሺባዛኪ፣ ባልደረባዬ፣ «ስልኩን ንጠቃት» ይለኛል፤
«እኛ ፊት ለፊት ነበር የምናወራው» ይላል፤
አባቱን በዕድሜው ሙሉ ሁለቴ ያናገረ ሰው።
ሁለተኛው ሆስፒታል ነው።

የካቲት ሲጋመስ፣ አንድ ሐሙስ፣ አምስት ብቻ ተሳፈሩ።
ስድስተኛው ቦታ ላይ ቦርሳቸውን ደረደሩ።
አውራ ጣት ሮጠ። አምስቱም ሳቁ።
አንዷ ቀና ስትል በመስታወቱ ተያየን፤ ዓይኖቿ ወደቁ።

ፍል ውኃው ደርሼ ጻፍኩ፦ «እንዴት ነሽ» — ክብ የሌላት።
መልሷ ወዲያው መጣ። ወዲያው! እሷ፣ መቆየት የምታውቅበት።
«ደህና ነኝ» ይላል። ከጎኑ ክብ።
ኮቶኔ፣ ልጄ፣ ክብ።

ድሮ ቢሆን ደህና ናት ብዬ ደወሌን እመታ ነበር፤
አሁን ግን ማንበብ ችያለሁና፣ ድምፁን ሰማሁት፣ የበር።

ቀሪውን ተራ ለሺባዛኪ ሰጥቼ፣ ምክንያት ሳልናገር፣
ቤት ስደርስ ክፍሏ ጨልሟል። አላንኳኳሁም።
ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ካፖርቴን አላወለቅሁም።
ጻፍኩ። ከእንጨቱ ወዲያ ስልኳ ጢን ሲል ሰማሁት፤
አንድ ክንድ ለማይሞላ መንገድ ሰማይ ደርሶ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«ታየ» አለ።
ከዚያ ዝምታ፤ ያ ያስተማረችኝ።
ተራው የኔ ነው፤ ይቆይ፤ እችለዋለሁ።
የጻፍኩት ይህንን ነበር፣ ምንም ሳላስከትል፦

ውጪ ነኝ
ወለሉ ይቀዘቅዛል
አልቸኩልም