ጥንን እና ድፍ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቱቦ ሳዳምጥ ኖርሁ፣
መፍቻዬን ብረቱ ላይ፣ ጆሮዬን መፍቻው ላይ፣
ከአንገረብ እስከ አዘዞ ስዞር አነጋሁ።
ጤነኛው «ጥንን» ብሎ ከሩቅ ይመልሳል፤
የታመመው ግን «ድፍ»፣
ዝገት ከውስጥ ሆኖ ቃሉን ይቆረጥማል።

ባንቻምላክ መጣች፣ ኮምፒውተሯን አንግታ፣
የወለቃ ልጅ ናት፤
አያቷ ቀጥቃጭ ነበር፣ የማረሻ ጌታ፣
ቀን ደጁን የሚጠኑት፣ የሚያሙት ደግሞ ማታ።
«ጋሼ አዛናው» አለች፣ «ደብተርዎን ይስጡኝ፣
የፈነዳበትን ቀኑን ከነቦታው ያስነብቡኝ።»
ሰጠኋት፤ ቅባት የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት ጭቃና ብርድ የሞላ።
እሷ ግን ቁጥር አደረገችው፤
የአፈሩን እርጥበት፣ የጨዉን ክምችት፣
የብረቱን ውፍረት፣ የቀለሙን ዕድሜ ጨመረችበት፤
በስክሪኑ ሜዳ ሺህ ቱቦ ቀበረች፣
የሃምሳ ዓመት ዝናብ
በአንዲት ሌሊት ብቻ አዝንባባቸው አደረች።

ጠዋት ጣቷን ሰካች፤ «ቀሃ ድልድይ ሥር ነው፤
ቢበዛ ሁለት ክረምት ነው የሚቀረው።»
ሳቅሁ።
ያን ቱቦ ባለፈው ኅዳር ራሴ ነኝ የቀባሁት፣
እንደ ሙሽራ ያበራል፤
«ጥንን» ሲል ሰምቼዋለሁ፣ ትናንት ነው የመታሁት።
ቆፈርን።
ከቀለሙ በታች፣ ከሚያበራው በታች፣
ብረቱ እንደ ነቀዘ ሽንብራ
መዳፌ ላይ ፈረሰ፤
እኔ ዝም፣ እሷም ዝም፤
ውሃው ብቻ ጫማዬን አራሰ።

አውቶፓርኮ ግን «ሃያ ዓመት ይቆያል» አለች።
«እዚያ ጋራዥ አለ፣ የባትሪ አሲድ ማታ የሚደፋ፤
ይህን ማሽንሽ ከማን ሰማ?» ብላት፣ ዝም ብላ ጻፈች፤
ከሃያው ላይ ዐሥራ ሦስቱ እዚያው ጠፋ።

አሁን የምንቀብረው ዚንክ ነው፣
ስንት ኪሎ፣ በስንት ሜትር ርቀት፣ ማሽኑ ነው ያሰላው፤
በሽቦ ከብረቱ ጋር እናስረዋለን፣
ዝገት ሲመጣ እሱን እንዲበላው።
«ስንት ዓመት ይችላል?»
«ዐሥራ አራት።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያ ሌላ እንቀብራለን።»

ጡረታዬ ሐምሌ ነው።
ከጉድጓዱ ልወጣ እጄን ዘረጋሁላት፣
ጉልበቴ ግን «ድፍ» አለ፤
ሰማችው። ጆሮ አላት።