ቅጽ ዘጠኝ አልቋል

ኩዌት፣ ሳልሚያ፣ ከመጽሐፍ ቤቱ ጓዳ፣ ካርቶን ስቀድ በምላጭ፣
ብቅ አለ ያ ዘንዶ፣ ካፍንጫው እሳት የሚረጭ፤
የጃፓን ማንጋ ነው፣ ዐረብኛ ለብሶ የመጣ።

ጉንፋን ይዞት ዕድሜ ልኩን፣ ባነጠሰ ቁጥር፣
የሰው ሳር ቤት አቃጥሎ የሚከፍል በብድር፤
ወርቁን ለካሣ ጨርሶ፣ ዋሻው ባዶ ቀርቶ፣
ከባላባት ኩሽና ሳህን ያጥባል ገብቶ።

ሦስት ወር አቧራ ለበሰ፤ ማን ዞር ብሎ አይቶት፣
«ራውዳ፣ ግማሽ ዋጋ» አለኝ ቢጁ፣ «ለጥፊበት።»
የጋዜጣው ሐያሲም አምስት መስመር ጣለለት፤
«ሳቁ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት፤ ጥልቀት የጎደለበት።»

ከዚያ ትምህርት ተዘጋ፤ ሙቀቱም ሃምሳን ቀረበ፤
ልጅ ከነሞግዚቱ ጎርፎ መደብሩን አጣበበ።
«እንጥሽ! ቤትህ ጋየ!» ይባባላሉ በዐረብኛ፣
እስከ ምሳ ተሸጠ ሰባተኛም፣ ስምንተኛ።

ያው ሐያሲ ተመልሶ ሙሉ ገጽ ጻፈ በመስከረም፤
«ከጅምሩ ብያለሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የለም።»
ቢጁ ቆርጦ ለጠፈው፣ ከሒሳብ መቀበያው ጎን።

እኔን ማንም አልጠየቀኝ።

ከቀኝ መግለጥ ለምጃለሁ፣ ከልጅነት፣ ከቁርኣን ቤት።
ገጽ አርባ ላይ ዘንዶው ዕዳውን በጣት ቆጥሮ፣
ጣት ሲያልቅበት ይቀጥላል፣ ከጭራው ቅርፊት ጀምሮ።
ልጆቹ እዚያ ይፈነዳሉ። እኔም ሳቅሁ፣ በምሳ ሰዓቴ፣
የደላላው ዕዳ ሲቆጠር አልበቃ ብሎ ጣቴ።

ትናንት አንዲት ልጅ መጣች፤ «ቅጽ ዘጠኝ አለ?» ብላ፤
«አልቋል» አልኳት። አንድ ቀርቷል፣ ከካርቶኖቹ ኋላ።
ዐሥር ገጽ ይቀረኛል፤ ከፍሎ ይጨርስ እንደሁ ሳላይ፣
አይወጣም ያ መጽሐፍ፣ ከጓዳው መደርደሪያው ላይ።